እርሳሱ ስንት ክንድ ወረደ?

ከሁለት ዓመት በፊት፣ አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባለች ጠባብ ሳሎን፣ የባሕር አውሬ በ18 ሰከንድ ሞተብኝ።

ሳምንት ሙሉ የለፋሁበት አውሬ ነበር። መርከቡን ከጫማ ካርቶን ሠርቼ፣ ጠረጴዛው ላይ ሰማያዊ አንሶላ አንጥፌ፣ ከስልኬ የማዕበል ድምፅ ከፍቼ ጠበቅኳቸው። ግዙፉ ኦክቶፐስ ከመርከቡ ጎን ብቅ ሲል አራቱም ተጫዋቾች «ወይኔ!» አሉ፤ እኔም በልቤ ተሳካልኝ አልኩ። ከዚያ ጦረኛው በጎራዴ መታው። ዊዛርዷ እሳት ለቀቀችበት። ሌባው በቀስት ወጋው፤ ካህኑ የቆሰለውን ፈወሰ። ተራው ዞሮ ሲመጣ ያንኑ ደገሙት። በሦስተኛው ዙር አውሬው ሰመጠ። በጨዋታው አቆጣጠር አንድ ዙር 6 ሰከንድ ነው።

ጦረኛውን የሚጫወተው ጓደኛችን፣ ቀን ቀን ታክሲ የሚነዳው፣ ፈንዲሻ እየዘገነ «ይኼ እኮ ሽፍታ ነው» አለኝ። «እጁ በዛ፣ ገላው ረጠበ እንጂ ባለፈው ጫካ ውስጥ ከገደልነው ሽፍታ በምን ይለያል?»

መልስ አጣሁ። መልሱ የመጣልኝ ቆይቶ ነው፤ ከአንድ የቤርገን ጳጳስ፣ ጨው ውሃ ካበላሸው የሻርክ አሻንጉሊት፣ እና በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ ባሕር ኃይል ከነበሩ አንድ አባት።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ። «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» አሸናፊ የለውም፤ ሰሌዳም የግድ አያስፈልገውም። አንድ ሰው ይተርካል፤ ዲኤም እንለዋለን። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። ተራኪው «ከፊታችሁ ወንዝ አለ፣ ድልድዩ ተሰብሯል፣ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። እነሱ ያሰቡትን ይናገራሉ። ይሆናል አይሆንም የሚያሰኝ ነገር ሲመጣ ሃያ ፊት ያለው ዳይስ ይጣላል፤ በወጣው ቁጥር ላይ የገጸ ባሕርዩ ችሎታ ተደምሮ ነገሩ ይቆረጣል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ሲያሳትሙት አዲስ ፈጠራ ነበር። እኔ ግን መጀመሪያ ያየሁት ዕለት ትዝ ያለኝ እንቆቅልሽ ነው። «አገር ስጠኝ» ሲሉን ያልነበረንን ጎንደር ሰጥተን የምር የምናዝን ልጆች ነበርን። በሌለ ነገር የምር ማዘን፤ የጨዋታው ሞተር ይኸው ነው።

በነገራችን ላይ «ጠንቋይ» የሚለውን ቃል እቤት ውስጥ አንጠቀምም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ጨዋታው የሰይጣን ነው ብለው የተነሡበት አጥባቂ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ እናቴ ያንን ዘመን ባታውቀውም የመጽሐፉን ሽፋን አይታ በራሷ መንገድ እዚያው ደርሳለች። ስለዚህ ዊዛርድ እንላለን። ዊዛርድ ምን እንደሆነ ጠይቃን አታውቅም።

ወደ ሞተው አውሬ ልመለስ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. የ2014ቱ አምስተኛው እትም ነው። ለግዙፉ ኦክቶፐስ 52 የሕይወት ነጥብ ይሰጠዋል። ቀለለብኝና በእጥፍ አሳድጌ 104 አደረግኩት። ከንቱ ድካም። አምስተኛ ደረጃ የደረሱ አራት ገጸ ባሕርያት በአንድ ዙር 40 እና 50 ነጥብ መቀነስ አይከብዳቸውም፤ እሱ አንዴ ሲሰነዝር እነሱ አራቴ ይሰነዝራሉ። ነጥቡን ወደ 200 ባሳድገው ኖሮ የሚረዝመው መሰላቸቱ ነበር።

ታዲያ ትልቁን ክራከንን ለምን አላመጣሁም? የመጽሐፉ ክራከን 472 የሕይወት ነጥብ አለው። በአንድ ተራ በሦስት እጆቹ ይመታል፤ የአንዱ ምት አማካይ ጉዳት 20 ነው። የጓደኛችን ጦረኛ ሙሉ ጤናው 44 ነበር። የጥሩሩ ቁጥር 18 ቢሆንም የክራከኑ ዳይስ ከ20 ፊቶቹ በ19ኙ ያገኘዋል። ከዋጠው ደግሞ የሆዱ አሲድ በየዙሩ በአማካይ 42 ይቀንሳል። ዮናስ በዓሣ አንበሪ ሆድ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ቆየ፤ የእኛ ሰውዬ 12 ሰከንድ አይሞላም። እንዲህ ያለው ግጥሚያ ውጊያ አይባልም፤ መብረቅ ነው። በሽፍታና በመብረቅ መካከል ቦታ መኖር አለበት ብዬ ብዙ ሌሊት ቁጥር ስደምር አደርኩ። አልገባኝም እንጂ ስህተቱ ከድምሩ አልነበረም። በሁለቱም ግጥሚያ ሰዎቹ ወለል ላይ ቆመው ነው የሚማቱት። ባሕሩ አንሶላ ነበር።

ስለዚህ አውሬውን ትቼ ውሃውን ማንበብ ጀመርኩ። ሕጉ ስለ ውሃ የሚለው ጥቂት ነው፤ ግን ይቆነጥጣል። የመዋኘት ተፈጥሮ የሌለው ሰው ውሃ ውስጥ በጎራዴ ሲመታ ሁለት ዳይስ ጥሎ ዝቅተኛውን ይወስዳል። ለመምታት 11 የሚያስፈልገው ሰው ደረቅ መሬት ላይ ግማሽ በግማሽ ዕድል ነበረው፤ ውሃ ውስጥ ከአራት አንዴ ብቻ ይሳካለታል። ጦር፣ ጩቤና አጭር ጎራዴ ግን ከዚህ ነፃ ናቸው፤ ውሃን የሚፈራው ረጅሙን ጎራዴ በሰፊው ማወናጨፍ እንጂ መውጋት አይደለም። የእሳት ጉዳት በግማሽ ይወድቃል። ዊዛርዷ የምትመካበት የእሳት ኳስ በአማካይ 28 የሚያቃጥለው ጠልቆ ባለ ፍጥረት ላይ 14 ይሆናል። ጦረኛውም ዊዛርዷም የለመዱት መሣሪያ እጃቸው ላይ ይከዳቸዋል። ይኼ መልካም ነው።

የመስጠሙ ሕግ ግን ውሃ አያነሳም፤ ቃሉን አውቄ ነው የተጠቀምኩት። ጠንካራ ሰው ትንፋሹን ሦስት ደቂቃ መያዝ ይችላል ይላል መጽሐፉ። ሦስት ደቂቃ 30 ዙር ነው። ውጊያ ደግሞ በአራትና በአምስት ዙር ያልቃል። ማንም ሰምጦ አይሞትም ማለት ነው። በዚያ ላይ አምስተኛ ደረጃ የደረሰ ዊዛርድ ውሃ ውስጥ የሚያስተነፍስ ድግምት ሊኖረው ይችላል፤ ለአሥር ፍጡር፣ ለ24 ሰዓት። ብዙ ዲኤሞች ይኼን ድግምት ይከለክላሉ። እኔ መከልከሉን አልወደውም፤ ተጫዋች ደክሞ ያገኘውን ነገር መንጠቅ ስስት ነው። እስትንፋሱን ትሰጣቸውና መርከቡን ትወስድባቸዋለህ። ከላይ ጀልባዋ በንፋስ ስትርቅ ከታች ሆኖ መተንፈስ ምን ይጠቅማል?

ለራሴ ጠረጴዛ ግን ሕጉን ቀየርኩት። ደቂቃውን ትቼ ጥሬ ቡና አመጣሁ። ለጦረኛው አምስት ፍሬ፣ ለዊዛርዷ ሦስት፣ እንደየጥንካሬያቸው ፊት ለፊታቸው ይቀመጣል። ውሃ ውስጥ ያለፈ እያንዳንዱ ዙር አንድ ፍሬ ይበላል። ምት ያገኘው ሌላ አንድ ያጣል፤ ድግምት ለመናገር አፉን የከፈተም እንዲሁ። ወረቀት ላይ የተጻፈ ቁጥር ማንንም አያስጨንቅም። ሰው እጁን ዘርግቶ ከፊቱ ያለችውን ፍሬ ራሱ አንሥቶ ሲመልስ ግን ፊቱ ይለወጣል።

አውሬው ራሱ ከጳጳሱ መጣ። ኤሪክ ፖንቶፒዳን የቤርገን ጳጳስ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1752 እና በ1753 የኖርዌይን የተፈጥሮ ታሪክ በሁለት ቅጽ አሳተሙ፤ ስለ ክራከን ከአስጋሪዎች የሰሙትን እዚያ ጽፈዋል። የአውሬውን ግዝፈት ሁሉም ይጠቅሰዋል፤ ደሴት ያክላል። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። አስጋሪዎቹ በሞቃት የበጋ ቀን ራቅ ብለው ይቀዝፋሉ። ከ80 እስከ 100 ፋተም፣ ማለት 150 ሜትር ያህልና ከዚያ በላይ ጥልቀት ይጠብቃሉ። የመለኪያውን ገመድ ሲጥሉ ግን 20 ወይም 30 ፋተም ላይ ይቆማል። ታች ያለው መሬት አይደለም። እና እዚያ ቦታ ላይ ዓሣው እንደ ጉድ ነው! ስለዚህ አይሸሹም፤ መንጠቋቸውን ይጥላሉ። እያጠመዱ ገመዱን ደጋግመው ይጥላሉ። ጥልቀቱ ማነስ ከጀመረ ያ ነገር እየወጣ ነውና መቅዘፊያቸውን ይዘው ይበራሉ። አደጋውም ንክሻ አልነበረም። ተመልሶ ሲሰምጥ የሚፈጥረው አዙሪት ነው ዙሪያውን ጠራርጎ የሚወስደው።

ይህን አንብቤ መጽሐፉን ዘጋሁ። ሁለት መቶ ሰባ ዓመት አልፎት፣ ከማንኛውም የጨዋታ መጽሐፍ የተሻለ ንድፍ ነው። ምልክት አለ፣ ፈተና አለ፣ ሰዓት አለ፣ ማምለጫ አለ። ሳይንስ በኋላ መጥቶ ግዙፉን ስኩዊድ አገኘ፤ ስቴንስትሩፕ የተባለው የዴንማርክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1857 ስም አወጣለት፣ የጃፓኑ ኩቦዴራ በ2004 በሕይወት ሳለ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ፎቶ አነሣው። ለእኔ ሥራ ግን ስኩዊዱ ምንም አልጨመረም። ገመዱ ነው ቁም ነገሩ።

ደሴት የመሰለው አውሬ እኛም ቤት ሩቅ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ የክርስትና ዘመናት በግሪክኛ የተጻፈውና ስለ እንስሳት ጠባይ የሚያስተምረው መጽሐፍ መርከበኞች ደሴት ነው ብለው መልሕቅ የጣሉበትን፣ እሳት ሲያነዱበት ግን ይዟቸው ወደ ጥልቁ የሚወርደውን አውሬ ያወራል። ያ መጽሐፍ በአክሱም ዘመን ወደ ግዕዝ ተመልሷል፤ ፊሳልጎስ ይባላል። ሙሉው በግዕዝ ብቻ የተረፈልን መጽሐፈ ሄኖክም ሌዋታንን በሴት ጾታ ጠርቶ በባሕር ጥልቅ ያኖራታል። ባሕር የሌለው ደጋ ላይ ብራና የፋቀ ጸሐፊ ይህን ሲገለብጥ ምን ዓይነት ውሃ በዓይኑ ይሄድ ነበር? ሐይቅ ዳር ያለችውን ከተማ ባሕር ዳር ብለን የሰየምን ሰዎች ነን።

ሁለተኛውን ጨዋታ ለማዘጋጀት ጦረኛው ጓደኛችን ቤት ተሰብስበን ሳለ ስለ «ጆውስ» ፊልም አነሣሁ። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የስፒልበርግ ፊልም፣ ሻርኩን ሙሉ በሙሉ እስኪያሳየን ከአንድ ሰዓት በላይ ያስጠብቀናል። ብልሃቱ የመጣው በግድ ነው። ለቀረጻው የተሠራው ሜካኒካል ሻርክ እውነተኛ ባሕር ውስጥ ሲገባ ጨው ውሃው አበላሸው፤ ዳይሬክተሩም በሻርኩ ፈንታ ውሃውን፣ ቢጫ በርሜሎችንና የሰዎቹን ፊት አሳየን። «ኦርካ በምትባለው ጀልባ ላይ...» ብዬ ሳልጨርስ፣ ጥግ ላይ ቴሌቪዥን የሚያዩት የጓደኛችን አባት ዞር አሉ።

«ኦርካ አልክ?»

«አዎ ጋሼ፣ የፊልሙ ጀልባ ናት።»

«የኛም መርከብ ኦርካ ነበረች» አሉ።

ቀልድ መስሎን ነበር። እውነት ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ትልቋ መርከብ «ኢትዮጵያ» እ.ኤ.አ. በ1962 ከአሜሪካ ስትመጣ የቀድሞ ስሟ ኦርካ ነበር። ጋሼ በወጣትነታቸው ምጽዋ ወርደው ሠልጥነውባታል። ጥልቀት መለኪያ መሣሪያ እንደነበራት፣ የገመዱንም ግን እንደተማሩት ነገሩን። ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ሳቡ።

«እርሳሱ እኮ ሥሩ ጎድጓዳ ነው» አሉ፣ በአውራ ጣታቸው መዳፋቸውን ጫን እያደረጉ። «እዚያ ውስጥ ሞራ ትጠቀጥቅበታለህ። ወርዶ መሬት ሲነካ የነካውን ይዞልህ ይመጣል። አሸዋ ከሆነ አሸዋ፣ ጭቃ ከሆነ ጭቃ። ስንት እንደወረደ ብቻ አይደለም፤ ምን ላይ እንዳረፈ ታውቃለህ።»

ሞራ! አገራችን ሞራ ገልጦ መጪውን የሚናገር ሰው ታውቃለች፤ መርከበኛውም ሞራ አይቶ የማያየውን መሬት ይናገራል። እርሳስ ደግሞ በአማርኛችን ገመዱ ጫፍ ያለውም እጄ ላይ ያለውም ነው። ያን ማታ በአንዱ እርሳስ ስለ ሌላው ጻፍኩ።

ንድፉ ባጭሩ ይኼ ነበር። መንደሯ ለባለርስቱ ስድስት በርሜል ዓሣ ዕዳ አለባት። ጥልቀቱ 300 ክንድ በሚሆንበት ቦታ ዓሣው ሞልቷል። መረቡ በተሳበ ቁጥር አንድ በርሜል ይሞላል፤ ጥልቀቱም ይቀንሳል። በወረቀቴ ላይ 300፣ 260፣ 190፣ 110፣ 60 ብዬ ጻፍኩ። ከአምስተኛው በኋላ ያለውን ባዶ ተውኩት። ገመዱን መጣል ጊዜ ይወስዳል፤ ካልጣሉት ቁጥሩን አልነግራቸውም። አውሬው አይቆጣም፣ አይራብም፣ አያያቸውም። 472 ነጥቡን ይዞ በወረቀቴ ጥግ ተቀምጧል።

ቅዳሜ ማታ ጋሼም መጡ። አይጫወቱም፤ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ቡና ይጠጣሉ።

የመጀመሪያው መረብ ሲወጣ ሳቅ ነበር። እርሳሱ አሸዋ ይዞ ወጣ። ሁለተኛው 260፤ አሸዋና የተሰበረ ዛጎል። ማንም ከቁብ አልቆጠረውም። ሦስተኛው 190 ሆነ፤ ሞራው ላይ ምንም የለም፤ እንደወረደ ንጹሕ። ካህኑን የምትጫወተው፣ ሆስፒታል ማታ የምትሠራው ልጅ፣ ዳይሶቿን መደርደር አቆመች። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» አለች።

«ሦስት በርሜል ይዘን ብንመለስ ባለርስቱ ቤቶቹን ያቃጥላል» አለ ታክሲ ነጂው። ሃያ ደቂቃ ተከራከሩ። እኔ አንድም ቃል አልተነፈስኩም፤ የዲኤም ትልቁ ሥራ አንዳንዴ ቡናውን መጠጣት ነው። አራተኛውን ሳቡት። 110። ሞራው ላይ እንደ ሲኒ አፍ ክብ ክብ የሆነ ምልክት ተደርድሮ ወጣ።

አምስተኛውን ግማሹ ፈርቶ ግማሹ ተናዶ ሳቡት። 60 ክንድ። ከዚያ ዓሣው ጠፋ፤ ባሕሩ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ጸጥ አለ። ዊዛርዷ «እንቅዘፍ» አለች፤ ቀዘፉ። ሌባው ገመዱን ጣለ። 110። እንደገና ጣለ። 200። «ተገላገልን!» ብሎ እጁን አነሣ።

ዊዛርዷን የምትጫወተው ልጅ የሒሳብ መምህርት ናት። ገመዱን አየች፣ እኔን አየች። «ተገላገልን አትበል» አለች ቀስ ብላ። «ይኼን የሚያክል ነገር ሲወርድ ውሃውን ጥሎ አይወርድም።»

ጀልባዋ መዞር ጀመረች። መረቡ በጀልባዋ ሆድ ተጠምጥሞ ቁልቁል እየጎተታት ነበር። አንድ ሰው ገብቶ መቁረጥ አለበት። ታክሲ ነጂው ረጅሙን ጎራዴ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ የወረቀት ጎራዴ ነው፣ ግን አስቀመጠው። ጩቤውን ያዘ። አምስት የቡና ፍሬ ነበረው። ሁለቱ ለመውረድ ሄዱ። ሦስተኛው ለመቁረጥ። መረቡ ሲበጠስ የተወጠረው ገመድ ደረቱን መታውና አራተኛዋን ራሱ አንሥቶ ሰጠኝ። ጀልባዋ ተለቀቀች። ከላይ ያሉት ሦስቱ ዳኑ።

አንድ ፍሬ ቀረችው። ከአዙሪቱ ዋኝቶ ለመውጣት 15 ያስፈልገዋል፤ 7 ለራሱ አለው፤ ዳይሱ 8 ወይም ከዚያ በላይ ካመጣ ይወጣል። ከመቶ 65 ዕድል ነው። በሁለት እጁ አሽቶ ወረወረው። ዳይሱ ከሲኒው ተጋጨ፣ ከጠረጴዛው ዘለለ፣ ሶፋው ሥር ገባ።

ማንም አልተነሣም። ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀመጡና ጎንበስ አሉ።

«ስንት ነው ጋሼ?»

«ቆይ። መነጽሬን አቀብሉኝ።»

አራት ነበር። ወለል ላይ የወደቀ ዳይስ አይቆጠርም የሚል ሕግ አለን። ያን ማታ ማንም አላነሣውም።